ከውሃው ያልወጣው ጋሪ

የኋላሸት ኃይለመስቀል ዝናብ ባባራ ቁጥር አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። የማያውቀው ሰው አንድ ነገር ጠፍቶበት የሚፈልግ ይመስለዋል። እሱ ግን የሚያየው መንገዱ ላይ ያቆረውን ውሃ ነው። የመብራት ምሰሶ ውሃ ውስጥ ሲታይ ከራሱ ከምሰሶው ጠቆር እንደሚል፣ ለዳሩ የቀረበው ነገር ጥርት ብሎ የራቀው እየደበዘዘ እንደሚሄድ፣ ነፋስ ሽው ሲል መልኩ ቁልቁል እንደሚለጠጥ የተማረው ከዚያ ነው። የቀረውን ከኢንተርኔት ቪዲዮ ለቃቅሞታል።

አሰላ ውስጥ አንድ ፎቶ ቤት ነው የሚሠራው። ባለቤቱ ፈቃደ ካሜራውን ይዞ ከሠርግ ሠርግ ይዞራል፤ የኋላሸት ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ ፊት ያጠራል፣ ሰማይ ይቀይራል፣ የደረቀ ሣር ያለመልማል። ስሙን ያስጠራለት ግን ውሃው ነው። ሙሽሮች የስንዴ ማሳ ዳር ቆመው ይነሱና ፎቷቸው ሲወጣ ሐይቅ ዳር ይገኛሉ። ቬሎው፣ ሚዜው፣ ከበስተኋላ ያለው ባሕር ዛፍ ሁሉ ውሃው ውስጥ ተገልብጦ ይታያል። «ባለ ውሃው ይሁንልን» እያሉ ከኢተያና ከሮቤ ድረስ የሚመጡ አሉ። ዴራዎች ደግሞ ይብስባቸዋል፤ አገራቸው ደረቅ ስለሆነ ውሃው ሰፋ ተደርጎ ይሠራላቸዋል።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ምስሉን ቀድቶ ወደ ታች ይገለብጠዋል፤ ያጠቁረዋል፤ ያደበዝዘዋል፤ በላዩ ላይ ሞገድ ያስኬድበታል። ጣጣው ዳሩ ላይ ነው። ከላይ ያለው ነገርና ከታች ያለው ጥላው እግር ለእግር ካልገጠሙ፣ ሰው ምክንያቱን መናገር ባይችል እንኳ ዓይኑ ያውቅበታል። የኋላሸት ሥራ ላይ ማንም እንዲህ ያለ እንከን አግኝቶ አያውቅም ነበር።

አባቱ ጋሽ ኃይለመስቀል ጋሪ ነጂ ናቸው። ይህን ግን ፎቶ ቤቱ ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ጋሪ ተራው ላይ የሚጠሩት «አባ ዳማ» እየተባሉ ነው። ሰውን በፈረሱ ስም መጥራት በአርሲ የቆየ አክብሮት ነው፤ ድሮ ለጋላቢ ይባል የነበረው ዛሬ ለባለጋሪም ደርሷል። ኃይለመስቀል ቢሏቸው የማያውቃቸው ሁሉ አባ ዳማ ሲሉት «እ፣ ባለ ቦቃው!» ይላል። ዳማ ቀይ ፈረስ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ቦቃ አለው፤ ከአንገቱ ቀይ የክር መርገፍ አይለይም። መርገፉን የሠራችለት የልጁ እናት ናት። እሷ ካረፈች ወዲህ ቀለሙ ቢለቅም ጋሽ ኃይለመስቀል ሌላ አላሠሩለትም።

የኋላሸት አሥረኛ ክፍል እያለ አንድ ጠዋት ዶፍ ስለወረደ አባቱ በጋሪ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ አደረሱት። ልጆቹ በሩ ላይ ተጠልለው ነበርና እንደ ፈረስ አሽካኩበት። አንዱ «ለዚህኛው ገብስ ይቅረብለት!» አለ። በማግስቱ የኋላሸት ከትምህርት ቤቱ ወዲህ ያለው መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ «እዚህ ይበቃኛል» ብሎ ወረደ። አባቱ ለምን ብለው አልጠየቁም። ከዚያ በኋላ ራሳቸው እዚያ ያቆሙለት ጀመር። ቆይቶ ዳማም ለመደው፤ የኋላሸት ጋሪው ላይ ካለ፣ ልጓሙ ሳይያዝ፣ መታጠፊያው ላይ ቀጥ ይላል። ፎቶ ቤት ከተቀጠረ በኋላ መታጠፊያው ሌላ ሆነ እንጂ ነገሩ ያው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ፈቃደ «አባትህ ምንድን ነው የሚሠሩት?» ሲለው «እህል ይነግዳሉ፤ ሮቤ ናቸው» አለ። አስቦበት አልነበረም፤ አፉ ላይ የመጣለት እሱ ነው።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ወይዘሮ ፈይሩዛ ወደ ፎቶ ቤቱ መጡ። ከሱቅ ተነስተው ሆቴል እስከ መሥራት የደረሱ ሴት ናቸው።

«የጭላሎን ፎቶ እፈልጋለሁ» አሉ። «የእንግዳ መቀበያዬን ግድግዳ ሙሉ የሚሸፍን። ግን ደረቅ ተራራ እንዳታመጡብኝ። ውሃ ውስጥ የሚታይ ጭላሎ ነው የምፈልገው።»

«ጭላሎ ሥር ሐይቅ የለም እኮ» አለ ፈቃደ እየሳቀ።

«እንደሌለማ አውቃለሁ። ያደግኩት ባቱ፣ ሐይቅ ዳር ነው፤ ሐይቅ የቱ ጋ እንዳለ አንተ አትነግረኝም።» በአገጫቸው ወደ የኋላሸት አመለከቱ። «ያ ልጅህ የለ? ለዴራ ሙሽሮች ያመጣውን ውሃ ለእኔ ይነፍገኛል?»

በዚያ ወቅት ጭላሎ ፊቱን የሚገልጠው ማለዳ ብቻ ነው፤ ረፈድ ሲል ጉም ይለብሳል። ተራራው ጥሩ ሆኖ ወደሚታይበት ጨፌ ደግሞ በዚያ ሰዓት ባጃጅ አይሄድም፤ ቢሄድም ጭቃው አያሳልፈውም። ስለዚህ የኋላሸትን ያደረሱት አባቱ ናቸው። ካሜራውን እንዳይበሰብስበት በላስቲክ ጠቅልለው በጉልበታቸው ላይ ይዘውለት ሄዱ።

እሱ ወርዶ ሲያዘጋጅ «እኔ ከፊትህ ዞር ልበል?» አሉት።

«አያስፈልግም፤ ሩቅ ነዎት» አለ። ዓይኑ ተራራው ላይ ነበር።

ጋሽ ኃይለመስቀል ዳማን ከነጋሪው ወደ ረግረጉ ጠርዝ አስጠጉና በባልዲ እየቀዱ ያጠጡት ጀመር። ለብሰውት የነበረው ዘወትር ለሥራ የሚለብሱትን አሮጌ ካፖርት ነው፤ ከሥሩ ቦት ጫማ፣ ከላይ የሹራብ ቆብ። በዚህ መሐል ጉሙ ለአፍታ ተሰነጠቀና ጭላሎ እስከ ጫፉ ወጣ። የኋላሸት ደጋግሞ አነሳ። በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ሲያያቸው፣ ጉም ጫፉን ያልበላው ፎቶ አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። እሱ ላይ ጋሪው አለ፤ ፈረሱ አለ፤ አባቱም ባልዲ ይዘው ጎንበስ ብለዋል።

ጨፌውን ሐይቅ ለማድረግ ብዙ ለፋ። ተራራውን ገለበጠው፤ ሰማዩን ገለበጠው፤ ዳሩ ላይ ያለውን ሁሉ ገለበጠው። በዚህ ሥራ ምስሉ እንደ ወረቀት እየተነባበረ ነው የሚሠራው፤ ሰማዩ አንድ ገጽ፣ ተራራው አንድ ገጽ፣ ውሃው አንድ ገጽ። የፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር ግን አርጅቷል፤ ገጹ ሲበዛበት ስታክ አድርጎ ይቆማል። ስለዚህ የኋላሸት አንዱን ሲጨርስ ከሌላው ጋር እያዋሃደ ይሄዳል። ውሃውንም አዋሃደው። ሲጨርስ ፈቃደን ጠራው።

ፈቃደ ከኋላው ቆሞ አፉን ያዘ። «አንተ ልጅ! እኔ ራሴ ልዋኝ አማረኝ እኮ።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ስክሪኑን ነካ። «ይሄ ጋሪ ግን ምን ሊሠራ ገባ? ቆንጆ ሆቴል ግድግዳ ላይ ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ ልንሰቅል ነው? ማነው ሰውዬው?»

«አላውቀውም» አለ የኋላሸት። «መንገደኛ ነው።»

በዕድሜው ሙሉ አባቱን በአንቱታ እንጂ በአንተታ ጠርቶ አያውቅም። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ጆሮው ጋለ።

«አጥፋው በቃ» አለ ፈቃደና ወደ ውጭ ወጣ።

አጠፋቸው። ከጎን ያለውን ሣር እየቀዳ ለጠፈባቸው። መጀመሪያ ጋሪው ሄደ፤ ከዚያ ፈረሱ፤ መጨረሻ ላይ እሳቸው። ባልዲው ብቻ ትንሽ ቀርቶ ነበርና እሱንም አለበሰው። ሁልጊዜ ሥራ ሲጨርስ ዳሩን ከላይና ከታች እያመሳከረ ያያል። ያን ቀን አላየም። ከዚያ ቦታ ላይ ዓይኑን ለማንሳት ቸኩሎ ነበር። ውሃው ውስጥ ጠቆር ያለ ነገር እንዳለ ታይቶት ነበር፤ ሣር ነው ብሎ አለፈው። ፋይሉን ዘግቶ ለባነር ቤት ላከ።

ሆቴሉ በጥር መጨረሻ ተመረቀ። ወይዘሮ ፈይሩዛ ከነጋዴውና ከቢሮ ሰው ጋር ባለጋሪዎቹንም ለምሳ ጠርተው ነበር፤ አሸዋውንም ሲሚንቶውንም ያመላለሱላቸው እነሱ ናቸው። የኋላሸት ይህን አልሰማም። ከፈቃደ ጋር ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ በበሩ ገባና ሥራውን ግድግዳ ሙሉ ሆኖ አየው። መጀመሪያ ደስ አለው። ሰው ሁሉ አንጋጦ ነበር።

ከዚያ ዓይኑ ወደ ታች ወረደ። ስክሪኑ ላይ ከአውራ ጣት የማይበልጠው ጥቁረት እዚህ የበር ያህል ሆኗል። ሣር የመሰለው ነገር እግር ነበረው። ጎማ ነበረው። ራሱን ዘቅዝቆ ባልዲ የያዘ ሰው ነበር፤ ከጎኑም ግንባሩ ነጭ የሆነ ፈረስ፣ አንገቱ ላይ ቀይ መርገፍ ያለው። ዳሩ ላይ ግን ለምለም ሣር ብቻ ነው ያለው።

«ያ አባ ዳማ!» አለ አንድ ድምፅ። ቱሳ ነው፤ ከአባቱ ጋር ዘመን የቆየው ባለጋሪ። ሳህኑን እንደያዘ ወደ ግድግዳው ቀረበ። «ቢሻን ውስጥ፣ ውሃ ውስጥ ምን ታደርጋለህ? ዋና መቼ ተማርክ?»

ባለጋሪዎቹ ተንጫጩ። «ፈረሱንም ይዞት ገብቷል!» «ዳማ፣ ውጣ! ብርድ ይመታሃል!» «ታክስ ፈርቶ ነው የተደበቀው!»

የኋላሸት አባቱን ያን ጊዜ አያቸው። ከሰዉ መሐል ቀስ ብለው ወጥተው ባነሩ ፊት ቆሙ። መጀመሪያ ፈገግ አሉ። «ሰውዬውን እንጃ» አሉ፤ «ፈረሱስ የእኔ ነው። ይቺን ቦቃ ጨለማ ውስጥ አውቃታለሁ።» ከዚያ ዓይናቸው ከውሃው ተነስቶ ወደ ዳሩ ወጣ። እዚያ ራሳቸውን ፈለጉ። ወደ ግራ አዩ፤ ወደ ቀኝ አዩ። ፈገግታቸው አልጠፋም፤ ግን ከዚያ በኋላ የማንም ፈገግታ አይመስልም ነበር።

ወይዘሮ ፈይሩዛ መጡ። «ፈቃደ፣ ይሄ ምንድን ነው? ከላይ የሌለ ሰው ከታች እንዴት ይታያል? እንግዳዬን በድንጋጤ ልትገድልብኝ ነው? ደግሞ አባ ዳማ ናቸው፤ የዚህን ቤት አሸዋ ግማሹን ያመጡ ሰው! ማነው ውሃ ውስጥ የከተታቸው?»

ፈቃደ ላብ በላብ ሆነ። ወደ የኋላሸት ዞረ። «አንተ አይደለህም እንዴ አላውቀውም፣ መንገደኛ ነው ያልከኝ? ከተማው ሁሉ የሚያውቃቸውን ሰው?»

«እንዴ! ይሄማ የ...» ብሎ ቱሳ ጣቱን አነሳ።

«ቱሳ» አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል። «ፈረሶቹ በደንብ ታስረዋል?»

«ታስረዋል።»

«ሂድ እያቸው እስቲ።»

ቱሳ አንዴ አባትየውን አንዴ ልጁን አይቶ ሳህኑን አስቀመጠና ወጣ። ጋሽ ኃይለመስቀል ወደ ፈቃደ ዞሩ።

«ልጁን አይቆጡት፣ ጌታዬ። ከየት ያውቀኛል? ማለዳ በዚያ ሳልፍ ካሜራ የያዘ ልጅ አይቻለሁ። ሰላም እንኳ አልተባባልንም።»

የኋላሸት አፉን ከፈተ። ያኔ መናገር የነበረበት ነገር አንድ ቃል ነበር። ሰዉ ሁሉ ያየው ነበር፤ ቃሉ አልወጣም። አባቱ ደግሞ ላለማየት ሲሉ ወደ ተራራው አንጋጠጡ።

«በሉ ተዉት» አሉ ወይዘሮ ፈይሩዛ። «አባ ዳማን ከላይም አቁሙልኝ። ከነፈረሳቸው።»

ቤታቸው ሁለት ክፍል ናት፤ ሁለቱ ብቻ ናቸው የሚኖሩባት። ያን ዕለት እራት ላይ የኋላሸት «አባባ...» ብሎ ጀመረ።

«ብላ» አሉት።

ቆይተው፣ ሳህኑ ሲነሳ፣ «ያ ካፖርት ነው፣ አይደል?» አሉ።

«ምኑ?»

«ያን ጠዋት የለበስኩት። ብትነግረኝ ቀይሬ እመጣ ነበር እኮ።»

የኋላሸት ሳህኑን ይዞ ተነሳ። ካፖርቱ ቢሆን ይሻል ነበር።

ሰውን ከውሃ ወደ ዳር መመለስ ደግሞ እንደማጥፋቱ አልቀለለም። ዋናው ፎቶ የለም። ያሉትን ገጾች አዋህዶ ዘግቷቸዋል፤ የካሜራው ካርድም ለጥር ሠርግ ተጠርጓል። ከላይ ያለው ሣር ነው፤ ከታች ያለው ሞገድ ያጣመመው ጥቁር መልክ ነው። ፈቃደ ይህን ሲሰማ «እንግዲያው እንደገና ማንሳት ነው» አለና ራሱ ጋሪ ተራ ድረስ ሄዶ አባ ዳማን ለመናቸው። ማታ ቤት ሲገናኙ አባትና ልጅ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቃል አልተነፈሱም።

በቀጠሮው ጠዋት ዳማ የፎቶ ቤቱን መታጠፊያ ሳይቆምበት አለፈ፤ የኋላሸት ጋሪው ላይ አልነበረማ። ግቢው በር ላይ ደረሰ። ታጥቧል፤ ጋማው ተበጥሯል፤ መርገፉም ታጥቦ ቀይነቱ ትንሽ ተመልሷል። ጋሽ ኃይለመስቀል ለሠርጋቸው ያሰፉትን ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። እጅጌው አጥሯቸዋል፤ ትከሻው ሰፍቷቸዋል። ክራቫት አስረዋል። ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው ነው የወረዱት።

«ፎቶ ቤቱ ይሄ ነው?» አሉ።

«ይሄ ነው፣ ይግቡ አባ ዳማ!» አለ ፈቃደ። «እንዴ! ሊያገቡ ነው ወይስ ሊድሩን?»

«ሆቴል ላይ ሊሰቀል ነው ስላሉኝ ነው።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እርስዎ ነዎት የሚያነሱኝ?»

የኋላሸት እጁ ውስጥ ያለው ካሜራ ከበደው። አባቱ ጨዋታ እየተጫወቱ አልነበረም። እሱ የጀመረውን ውሸት እንዳይፈርስበት ደግፈው ይዘውለት ነው።

ፈቃደ ሙሉ ልብሱን ከላይ እስከ ታች አየውና ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ አይገጥምም፣ አይደል? ውሃው ውስጥ ያለው ሌላ ነው። ንገራቸው እንጂ።»

«አባባ» አለ የኋላሸት፤ «ካፖርቱን ነው የሚለብሱት።»

ፈቃደ ምንም አላስተዋለም፤ አባባ ለማንም ሽማግሌ ይባላል። የኋላሸት በዚህ ቃል ተከልሎ ማለፍ ይችል ነበር።

«የትኛውን ካፖርት፣ ጌታዬ?» አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል።

«ጋሼ» አለ የኋላሸት ወደ ፈቃደ ሳያይ፤ «አባቴ ናቸው።»

«እነማን?»

«እሳቸው። አባቴ ናቸው። ሮቤ ያለ አባት የለኝም።»

ፈቃደ የጀመረው ሳቅ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን አየ። ያኔ የሁለቱን አንድ ዓይነት ቅንድብ፣ አገጫቸው መሐል ያለውን ስንጥቅ ያየ ይመስላል። ፊት ማጥራት እንጀራው ሆኖ ሳለ እስከዛሬ አላስተዋለውም ነበር። «በል... ሥራህን ሥራ» አለና ወደ ውስጥ ገባ።

ጋሽ ኃይለመስቀል እንዳልሰማ ሰው የፈረሱን መቀነት ያጠብቁ ነበር። ጠብቆ ያለቀውን መቀነት ፈትተው እንደገና አሰሩት። ፊታቸውን ሳያዞሩ እጃቸውን ጋሪው መቀመጫ ሥር ሰደዱና ካፖርቱን ሳቡ። «ብርድ ቢሆን ብዬ ይዤው ነበር» አሉ። ኮታቸውን አውልቀው በጥንቃቄ አጠፉና ለልጃቸው ሰጡት። ብል እንዳይበላው የተቀመጠበት የናፍታሊን ሽታ ገና ከላዩ አልለቀቀም ነበር። የኋላሸት በአንድ እጁ ካሜራ፣ በሌላው ኮት ይዞ ቆመ።

«እንዴት ነበር የቆምኩት?» አሉ። ጌታዬ አላሉም፤ ልጄም አላሉም።

ሊነግራቸው አልቻለም። ያን ጠዋት ተራራውን እንጂ እሳቸውን አላያቸውም። የውሃውን ክፍል ብቻ አትሞ ይዞ ነበርና ወረቀቱን ገልብጦ፣ ራሳቸው ወደ ላይ እንዲሆን አድርጎ ሰጣቸው። ጋሽ ኃይለመስቀል ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይህን ያህል ጎብጫለሁ እንዴ?» አሉ።

ሞገዱ ነው ሊላቸው ፈለገ። ነገር ግን ሞገድ መልክን ይለጥጣል እንጂ ጀርባን እንደማያጎብጥ ያውቃል። በዚህ ሥራ ላይ የሚያውቀው ነገር ሁሉ ያን ጊዜ ዋጋ አልነበረውም።

አባቱ ወረቀቱን መለሱለት። ባልዲውን አንስተው ከዳማ አጠገብ ቆሙና፣ ጠዋት ከቤት ሲወጡ ጀምሮ ቀጥ አድርገው የያዙትን ጀርባ ለቀቁት። ጎንበስ አሉ።

«ይበቃል?»

የኋላሸት በካሜራው ውስጥ አያቸው። አልገጠመም።

«ትንሽ ዝቅ ይበሉ፣ አባባ» አለ።

ዝቅ አሉ።